የሞርቬና ስፋት

ምንታምር ይልማ ሞርቬና የገባችው በ2079 ዓ.ም. ሚያዝያ 22 ቀን፣ ረቡዕ ጠዋት ነው። የሄደችበት ጉዳይ ባጭሩ ይህ ነበር፦ «ባሻገር የመዝናኛ መንደሮች» የተባለው ድርጅት ባሕር ማዶ በዚያች ከተማ ላይ የሚያቋቁመው መዝናኛ ስንት ሄክታር ይሁን? ያምር አያምር፣ ያዋጣ አያዋጣ የሌሎች ራስ ምታት ነው። የእሷ ድርሻ ስፋቱን ቆርጣ መፈረም ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ «መጠን አውጪ» ይሏታል። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ መንደር ለክታለች፤ አንዱም ጠበበ ወይም ሰፋ ተብሎ ስሟ ተነሥቶ አያውቅም።

ሰው ወደ ባሻገር መንደሮች የሚሄደው ሰው ሲኖር ለማየት ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከሌጎስ፣ ከዳካ ይመጣሉ፤ አብዛኞቹ ከአርባኛ ፎቅ በታች አድረው አያውቁም። በሩ መንገድ ላይ የሚከፈት ቤት፣ በመስኮት የሚሟገቱ ጎረቤቶች፣ ነጠላ ጫማውን እየጎተተ ዳቦ ሊገዛ የሚወጣ ሽማግሌ ያያሉ። አምስት ቀን ያያሉ፤ አንዳንዱ ያለቅሳል፤ ከዚያ ወደ ፎቁ ይመለሳል።

ስለዚህ ስሌቱ ከቤት ይነሣል። ሰው ለሚኖርበት አንድ ቤት አርባ ጎብኚ፤ ለአንድ ጎብኚ መቶ ካሬ ሜትር፣ አልጋው፣ መንገዱ፣ ወረፋው፣ መታጠቢያው ሁሉ ተደምሮ። ሞርቬና በአገሯ መዝገብ ላይ ሰባት መቶ ሰማንያ ቤትና ሁለት ሺህ አንድ መቶ አርባ ነዋሪ አላት። ወረቀት ላይ ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ሄክታር ይመጣል። ምንታምር የመጣችው ወረቀቱን በእግሯ ልታረጋግጥ ነበር።

ከንቲባው ቶሚክ ባቡር ጣቢያው ድረስ መጥተው ተቀበሏት። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ኮታቸው ሰፍቷቸው እጅጌው ጣቶቻቸውን ሸፍኗል።

«እንኳን ደህና መጡ። ከተማችን ትንሽ ናት፤ ግን ሰው ሞልቶባታል» አሏት። ጆሮዋ ላይ ያለው አስተርጓሚ ባዕድ የሆነን ሰው ሁሉ በ«እርስዎ» ነው የሚያስተናግደው።

በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ያየችው ሁሉ ከመዝገቡ ጋር ይገጥም ነበር። ጠዋት ጠዋት ከየጣሪያው ጭስ ይወጣል። ከመስኮቶች ሬዲዮ ይሰማል። በየደጃፉ ልብስ ተሰጥቷል፦ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ የሕፃን ካልሲ፣ አንሶላ። ሲመሽ መብራቱ በአንድ ጊዜ አይበራም፤ አንዱ ቤት ቀደም ይላል፣ ሌላው ይዘገያል፣ ልክ ሰው ከሥራ እንደሚገባ። አውቶቡሱ በየሃያ ደቂቃው ያልፋል። ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌና ቀይ ሻርፕ የጠመጠሙ ሴት መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ሰላም ስትላቸው እጃቸውን ያነሣሉ። በሦስተኛው ቀን እነዚህ ሁለት ሰዎች ቀኑን ሙሉ የት እንደሚመላለሱ ለአፍታ ገርሟት ነበር። ከዚያ ረሳችው። ለዕቅድ ክፍል ኃላፊዋ ለአቶ ዘርይሁን ቦጋለ፣ ከተማዋ ንጹሕ፣ ሰዉም ጨዋ መሆኑን ጽፋ ላከች። «ቁጥሩ የሚነቃነቅ አይመስለኝም» ስትልም ጨመረች።

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ዝናብ ጣለ። ምንታምር ወንዝ ዳር የሚባለውን መንገድ እየለካች ነበር። ያደገችው ጅማ ነው። ጅማ ዝናብ ሲመጣ ከነጎድጓዱ በፊት የሚሰማው ልብስ አስገቡ የሚል የጎረቤት ጥሪ ነው፤ የተጣላ ሰው እንኳ የተጣላውን ሰው ልብስ ያነሣል። ከአንድ በር ከለላ ሥር ቆማ ጠበቀች። ማንም አልተጣራም። አንድ በር አልተከፈተም። በሃያ ሁለት ቤት ደጃፍ የተሰጣ ልብስ ዝናብ እየወረደበት፣ እጁን የሚዘረጋ ሰው ጠፋ።

ቅር አላት። ቅርቧ ካለው ገመድ ላይ አንሶላውንና ሸሚዙን ሰብስባ በሩን አንኳኳች። የከፈተ የለም። ገፋ ስታደርገው ተከፈተ።

ውስጡ ጠረጴዛ ነበር። ጠረጴዛው ላይ መብራት፣ መብራቱ ላይ የሰዓት መቁጠሪያ ተገጥሟል። ከአጠገቡ ሬዲዮው ያወራል። ምድጃው ውስጥ ጭስ ብቻ የሚተፋ ቆርቆሮ ተቀምጧል። ወንበር የለም። አልጋ የለም። ወለሉ ላይ አቧራው ከዳር እስከ ዳር አልተነካም፤ ከበሩ እስከ ጠረጴዛው ብቻ የአንድ ሰው ዱካ ቀጥ ብሎ ሄዶ ቀጥ ብሎ ይመለሳል።

ወደ ቀጣዩ ቤት ሄደች። መብራት፣ ሬዲዮ፣ ቆርቆሮ፣ ዱካ። ሦስተኛው ያው። አሥረኛው ላይ ስትደርስ ማንኳኳት ትታ ነበር። እያንዳንዱን በር በከፈተች ቁጥር አንድ ሰው ተነሥቶ ምን ፈለግሽ እንዲላት፣ እንዲቆጣትም ትመኝ ነበር። የሚቆጣት አልተገኘም። ለምን እንደምትይዘው ሳታውቅ እርጥቡን አንሶላ እንደታቀፈች ሃያ አንድ ቤት አለፈች።

ሃያ ሁለተኛው ቤት ውስጥ ሰው ነበር። አንዲት አሮጊት በሩን ከውስጥ ከፍተው አዩዋት። ከኋላቸው አልጋ ላይ ዓይናቸው የተገለጠ ሽማግሌ ተኝተዋል።

«ልብሱን ለምን አወረዱት?» አሉ አሮጊቷ።

«እየዘነበ ነው።»

አሮጊቷ አንገታቸውን አውጥተው ሰማዩን ተመለከቱ፤ ከዚያ ረጅሙን ገመድ። «እውነትዎን ነው። ዝናብ ሲመጣ ማንሣት እንዳለብን አላሰብነውም። ደመና ሲኖር ከላይ የሚያየው ሳተላይት አያይም ብለን እንተወዋለን። ከመንገድ የሚያይ ሰው ይመጣል ብለን አላሰብንም» አሉ።

ኔዳ ይባላሉ፤ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። የተኙት ባለቤታቸው ኦንድሬይ ናቸው፤ ከታመሙ አራት ዓመት አልፏል፤ ይሰማሉ እንጂ አይናገሩም።

«እማማ፣ ከተማው ውስጥ ስንት ሰው አለ?» ስትል ምንታምር ጠየቀቻቸው።

«ስልሳ አንድ።»

አስተርጓሚው የተሳሳተ መስሏት ደገመችው። ኔዳ አሥር ጣታቸውን ስድስት ጊዜ ዘረጉላት፤ ከዚያ አንድ ጣት ጨመሩ።

ኔዳ ያስጠሯቸው ከንቲባ እስኪመጡ እርጥብ ልብሷን አላወለቀችም። ቶሚክ ገብተው አንሶላውን እቅፏ ውስጥ ሲያዩት ምንም ሳይጠይቁ ተቀመጡ። በሕጋቸው ሰው ያለበት ቤት ከአምስት መቶ ያነሰ ከተማ «ይታጠፋል»። ሐኪሙ ይሄዳል፤ ውሃው ይዘጋል፤ ሰዉ ዋና ከተማ ወስደው ማማ በሚሏቸው ረጃጅም ሕንፃዎች ውስጥ እንደ ጤናው ደረጃ ይደለድሉታል። በገዛ እጁ የሚበላ አንድ ማማ፣ የሚያጎርሱት ሌላ ማማ። በሁለቱ መካከል የሁለት ሰዓት መንገድ አለ፤ መጠያየቅ በሦስት ወር አንዴ ነው።

«እኔ ደረጃ አንድ ነኝ» አሉ ኔዳ። «እሱ አራት ነው።»

ስለዚህ አቅም ያላቸው ከተማዋን ተከፋፈሏት። ለኔዳ ሃያ አንድ ቤት ደረሳቸው። መብራት ይሞላሉ፣ ሬዲዮ ይቀይራሉ፣ ልብስ ይሰቅላሉ፣ ያወርዳሉ። አውቶቡስ ላይ የሚውሉት ሁለቱም ተራቸውን እየሠሩ ነው። የቤት ቆጠራውን ራሳቸው ሞልተው ለሚኒስቴሩ ይልካሉ።

«ጎብኚዎቹ ሲመጡስ?» አለች ምንታምር። «አንድ ሺህ ሰው በአንድ ቀን በዚህ መንገድ ያልፋል። በር ይገፋሉ።»

«መዝናኛው ተሠርቶ እስኪያልቅ አምስት ዓመት ይፈጃል ተብለናል» አሉ ከንቲባው።

«አዎ።»

«ከአምስት ዓመት በኋላ ከእኛ ማን ይቀራል ብለው ነው? የምንለምነው አምስቱን ዓመት ነው። ሰባት መቶ ሰማንያ ብለው ይጻፉልን።»

ምንታምር በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ሰዎች ቤታችንን አትንኩ ብለው ሲለምኗት አይታለች፤ ለዚያ የተዘጋጀ መልስ አላት። የውሸት ቁጥር የለመናት ግን የለም፤ ያውም ቤቱን ለማትረፍ።

እሑድ ኔዳን ተከትላ ዋለች። ኔዳ ግራ እግራቸውን ይጎትታሉ። አንድ ልብስ በሰቀሉ ቁጥር መዳፋቸውን ዳሌያቸው ላይ ይጠርጉና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ሰማይ ያያሉ፤ የሚያያቸው መኖሩን ማረጋገጥ የሚፈልጉ ይመስላሉ። በየቤቱ ስድስት ደቂቃ ይቆያሉ። ሃያ አንዱን ቤት ሲጨርሱ ፈጠን ብለው ገብተው ኦንድሬይን ያገላብጣሉ።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ምንታምር ለአቶ ዘርይሁን ደወለች። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አለቃዋ ናቸው፤ «ጋሼ» ነው የምትላቸው።

«ጋሼ፣ እንዲያው ለመጠየቅ ያህል ነው። ቤቶቹ ከሰባት መቶ ሰማንያ ቢያንሱ ስፋቱን ምን እናደርገዋለን?»

«በስንት ቢያንሱ?»

«በብዙ።»

አቶ ዘርይሁን ሻያቸውን አማሰሉ። «ምንታምር፣ ሠላሳ ስምንት ቤት ነው። ስልሳ አንድ ሰው። ካወቅን ሦስት ዓመታችን ነው።»

ስልኳን ከጆሮዋ አራቀችው፤ መልሳ አስጠጋችው።

«የመብራትና የሰው ገላ ሙቀት ከላይ ሲታይ አንድ አይደለም እኮ» አሉ አቶ ዘርይሁን።

«መንግሥታቸውስ?»

«የነገሩን እነሱ ናቸው። ውሃና ሐኪም ያለው ከተማ ነው ገዢ የሚያገኘው። እስከ አሁን ሳያጥፉ ያቆዩት ለእኛ ብለው ነው።»

«እንግዲያው እኔን ለምን ላካችሁኝ?»

«ለፊርማ ነዋ። ውሉ በባለሙያ ዓይን የተቆጠረ ሰባት መቶ ሰማንያ ቤት ይላል። ቤቶቹ ቆመዋል አይደል? ሰዉን እኛ እንሞላለን። ቆይ ላሳይሽ፤ ሞጆ ነኝ አሁን፤ ማሠልጠኛው።»

ስልካቸውን አዞሩት። ጣሪያው ከፍ ያለ አዳራሽ ታያት። በመቶ የሚቆጠሩ ወጣቶች አሉ። ግማሾቹ ከእንጨት በተሠራ መስኮት አንገታቸውን አውጥተው በማታውቀው ቋንቋ ይሟገታሉ፤ የሞርቬና ቋንቋ መሆኑን ያወቀችው አስተርጓሚዋ ስለ ድንች መተርጎም ሲጀምር ነው። አንዱ ልጅ የኮቱ እጅጌ ጣቶቹን ሸፍኖት ሰው ይቀበላል። ከፊት ገመድ ተወጥሯል። ሃያ ዓመት የማይሞላት ልጅ ግራ እግሯን እየጎተተች መጣች፣ ሰማያዊ ሸሚዝ ሰቀለች፣ መዳፏን ዳሌዋ ላይ ጠረገች። አንድ ዓይኗን ጨፍና ወደ አዳራሹ ጣሪያ ተመለከተች። ደረቷ ላይ ሰባት ቁጥር ተለጥፏል።

«ይቺ የቦንጋ ልጅ ናት» አሉ አቶ ዘርይሁን። «ጎበዝ ናት። ስምንት ወር ፈጀባት። ስልሳ አንዱንም እንዲህ አጥንተን ይዘናቸዋል፤ የቀሩት ከእነሱ እየተቀዱ የሚወጡ ናቸው።»

ምንታምር ልጅቱ ሁለተኛውን ሸሚዝ ስትሰቅል አየቻት። ትናንት ያየችውን ነበር የምታየው፤ አንዲት ጣት የምታህል ልዩነት የለውም።

«ራሳቸው ሰዎቹስ?»

«ኢንሹራንሱ ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነ ሰው ግቢ ውስጥ እንዲኖር አይፈቅድም። በፈረምሽ በሠላሳኛው ቀን ይነሣሉ። ማማዎቹ ውስጥ አስፈላጊው እንክብካቤ አላቸው፤ አታስቢ።» በድምፃቸው ውስጥ ክፋት አልነበረም። የጎዳትም ይኸው ነበር። «ምሳ በልተሻል?»

ስልኩን ዘግታ ወጣች። የት እንደምትሄድ አላሰበችም። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ጋጋሪው ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላም አሏት፤ አፏን ከፈተች፣ ድምፅ አልወጣም። «የሚተረጎም ንግግር አልተሰማም» አላት አስተርጓሚው። ትንሽ ቆይቶ ደገመው። አውልቃ ኪሷ ከተተችው።

ከሰዓት በኋላ ኔዳ ቤት ሄዳ ለኔዳና ለቶሚክ ነገረቻቸው። ሳትቀንስ ነገረቻቸው፤ ለመቀነስ የሚሆን ጉልበት አልነበራትም። ቶሚክ ሦስት ዓመት የሚለውን ሲሰሙ ሁለት ጊዜ አስደገሟት።

«አምና በረዶ ጥሎ ነበር» አሉ ቶሚክ። «ኤልካ የምትባል ነበረችን። ልብስ ልትሰቅል ወጥታ ወደቀች። ወገቧ ተሰበረ፣ በሳምንቱ ሞተች። በዚያ በረዶ ማን ልብስ ያሰጣል ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ ውጪ ያልኳት። ከላይ ያዩናል ብዬ።»

ኔዳ የኦንድሬይን ትራስ አስተካከሉ።

«ልጅቱ» አሉ። «እኔን የምትሆነው። ሸሚዙን ከትከሻው ነው የምትሰቅለው ከጫፉ?»

«ከጫፉ።»

«ጥሩ። ከትከሻው ከሆነ ምልክት ይተዋል» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ምንታምር ተነሥታ ኦንድሬይን እሑድ ኔዳ ሲያደርጉት እንዳየችው አገላበጠቻቸው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ክፍሏ ውስጥ ዘግታ ውሉንና የአገሩን የቤት ሕግ አነበበች። ሰባት መቶ ሰማንያ ብላ ብትፈርም ሰዎቹ በሠላሳኛው ቀን ይነሣሉ። ሠላሳ ስምንት ብትል ባሻገር ይተወዋል፤ ሚኒስቴሩም ከተማዋን ያጥፋታል፤ ስልሳ አንዱ በየማማው ይበተናሉ። እምቢ ብላ ብትመለስ በሳምንቱ ሌላ መጠን አውጪ ይመጣል። ከዚህ ውጭ መንገድ ያለ አልመሰላትም ነበር።

ያገኘችው ዘጠነኛው አንቀጽ ላይ ነው። «የመጠን አውጪዋ የቤት ቆጠራ የመጨረሻ ይሆናል፤ በሁለቱም ወገን መዝገብ ላይ ይጸናል።» አንቀጹን ያስገባው ባሻገር ራሱ ነው፣ የአገሬው ሰው እንዳይከራከር። የአገሩ ሕግ ደግሞ ቤት የሚለው ግድግዳውን አልነበረም። ከአንድ ምድጃ የሚበሉ ሰዎች አንድ ቤት ናቸው ይላል፤ በባለሙያ ዓይን የተቆጠረ ቤትም በማንኛውም ድልድል አይከፈልም። ሞርቬናዎች ይህን ከለላ አግኝተው አያውቁም። ቆጣሪ እንዳይመጣባቸው ሲሸሹ ስለኖሩ በሕግ ፊት ባልና ሚስት እንኳ ተለያይተው የተመዘገቡ ነበሩ።

ምንታምር የውሸት ቁጥር ፈርማ አታውቅም፤ አሁንም ለመፈረም አልፈለገችም። ወደ ቶሚክ ሄዳ አንድ ጥያቄ ጠየቀቻቸው።

«ዳቦ ቤቱ ምድጃ ስልሳ አንድ ሰው ይመግባል?»

ሽማግሌው ቶሎ ገባቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው።

ከሐሙስ ጀምሮ በሠላሳ ስምንቱም ቤት ምድጃ ተዘጋ። ድስቱ ሁሉ ዳቦ ቤት መጣ። መጀመሪያው ቀን ላይ ጨው በዛ አልበዛ በሚል ተጣሉ፤ ሁለተኛው ቀን ላይ ማን ከማን አጠገብ ይቀመጥ በሚል። ኦንድሬይን ከነአልጋቸው ተሸክመው አመጧቸው። ምንታምር ዐሥር ቀን፣ በቀን ሦስት ጊዜ በር ላይ ቆማ የገባውን ቆጠረች፤ ስልሳ አንድ። ወጥተው ሲሄዱም ቆጠረች።

ቅጹ ላይ የቀረው የአባወራው ስም ነበር። ቶሚክ ይሁኑ ያሉ ነበሩ፤ ቶሚክን ካልጠፋ ሰው ያሉም ነበሩ። አንድ ሰዓት ተከራከሩ።

«ኦንድሬይ ብለሽ ጻፊው» አሉ ኔዳ። አስተርጓሚው በራሱ ጊዜ «አንቺ» ማለት ጀምሯል፤ መቼ እንደጀመረ አላስተዋለችም።

«እማማ፣ አይናገሩም እኮ።»

«አባወራ መናገር አለበት ተብሎ ተጽፏል?»

አልተጻፈም። ምንታምር ጻፈችው። ሰው የሚኖርበት ቤት፦ አንድ። ነዋሪ፦ ስልሳ አንድ። አባወራ፦ ኦንድሬይ። ጎብኚ በቀን፦ አርባ። የመዝናኛው ስፋት፦ ዜሮ ነጥብ አራት ሄክታር። ፈረመችና ለሁለቱም ወገን ላከችው።

አቶ ዘርይሁን በሩብ ሰዓት ውስጥ ደወሉ።

«ከኳስ ሜዳ እኩሌታ ብዙም አይበልጥም» አሉ።

«የቆጠርኩትን ነው የጻፍኩት፣ ጋሼ።»

«አውቃለሁ። የሚያስቸግረው እሱ ነው።» ተነፈሱ። «ልጅቱን ምን እንበላት?»

ምንታምር ስለ የትኛዋ ልጅ እንደሆነ ገባት።

የሥራ ፈቃዷ ሰኔ ላይ ተሰረዘ። ወደ ጅማ ተመልሳ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ውስጥ ቅየሳ ማስተማር ጀመረች። ባሻገር ፊቱን ወደ ሌላ ከተማ አዞረ፤ በሁለት ቀን መንገድ ርቀት ላይ ያለች፣ ሰው ጨርሶ ያለቀባት። ማስታወቂያውን ጥቅምት ላይ አየችው። ኔዳ ረግጠዋት በማያውቋት ከተማ፣ ግራ እግሯን የምትጎትት ሴት ልብስ ሰቅላ ወደ ሰማይ ስታይ ያሳያል።

ሞርቬና እንድትታጠፍ ነሐሴ ላይ ታዘዘ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ምንም አልሰማችም። በአንድ ማማ አንድ ፎቅ ላይ፣ አንድ ላይ ሆነው ታስባቸው ነበር፤ ከዚያ የተሻለ ነገር አልጠበቀችም። ታኅሣሥ ላይ፣ ክፍለ ጊዜ ጨርሳ ስትወጣ፣ ኔዳ ደወሉ። ከኋላቸው የሰሃን ድምፅና የብዙ ሰው ክርክር ይሰማል።

«የት ደረሳችሁ፣ እማማ? የትኛው ማማ?»

«ምን ማማ? ዳቦ ቤት ነን» አሉ ኔዳ።

ምንታምር ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

አውቶቡሶቹ መስከረም ላይ መጥተው ነበር፤ ሦስት። ይዟቸው የመጣው ወጣት ሹም መዝገቡን አይቶ ሁለቱን መለሰ፣ አንድ ቤተሰብ ነውና። ከዚያ ትእዛዙን ለአባወራው ሊያነብ ገባ። በሕጉ መሠረት አባወራው ሰምቻለሁ ብሎ በአንደበቱ ካልመለሰ ቤተሰብ አይነሣም። ወጣቱ አነበበ። ኦንድሬይ አዩት። ደግሞ አነበበ። እስኪመሽ ተቀምጦ ሄደ። ጥቅምት ላይ ሐኪም ይዞ መጣ፤ ሐኪሙ መርምሮ «ይሰማል» ብሎ ጻፈ። የሚሰማ ሰው ደግሞ መልስ ይጠበቅበታል። ኅዳርም መጥቶ ጠበቀ።

«ቶሚክ ይህን ሕግ ያውቁ ነበር?» አለች ምንታምር።

«ጸሐፊ ነበር እኮ። ላንቺ ያልነገርንሽ ፊርማሽ ላይ እንዳይከብድሽ ነው።» ኔዳ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሯቸው አዙረው፣ «ኦንድሬይ ሰኞ ዐረፈ። ምሳ ሰዓት ነበር። ሁላችንም ነበርን» አሉ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እማማ። ነፍስ ይማር።»

«አሜን። ስልሳ ነን አሁን። የደወልኩት ለዚህ ነው፤ ቶሚክ መነጽሩ ተሰብሮበት ገጹን ማንበብ አልቻለም። አባወራው ሲሞት ትእዛዙ ለማን ይነበባል?»

ምንታምር የሕጉን ገጽ ስልኳ ላይ አወጣች። «ቤተሰቡ አዲስ አባወራ ይመርጣል ይላል። ሹሙ ባለበት። እስኪመረጥ ድረስ ትእዛዙ ለማንም አይነበብም።»

«በብልጫ ነው?»

«አይደለም። በሙሉ ስምምነት።»

«አንድ ሰው እምቢ ቢልስ?»

«አልተመረጠም ማለት ነው።»

«እስከ መቼ ይላል?»

አንቀጹን እስከ መጨረሻው አነበበችው። «ቀን አልተቆረጠለትም።»

ኔዳ ስልኩን ሳይዘጉ ዞር ብለው ለሌሎቹ ነገሯቸው። ክርክሩ ቀጥ አለ። ከዚያ አንድ የወንድ ድምፅ ቶሚክ ይሁን አለ፤ ሌላው ወዲያው ቶሚክን አልፈልግም አለ፤ አንዲት ሴት ደግሞ ስለ ጨው አነሣች።

«ወጣቱ ሐሙስ ይመጣል» አሉ ኔዳ ወደ ስልኩ ተመልሰው። «ወንበር ይዞ እንዲመጣ እንነግረዋለን።»